የክርስትና እምነት ጭብጦች በታዋቂ ፊልሞች ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊልምን ከእምነታቸው ጋር አያይዘው የሚመለከቱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው ቀርበዋል፤ አንዳንዶቹ መልሶች የፊልሞቹን መጨረሻ ስለሚናገሩ ያላዩት ፊልም ሲያጋጥምዎ ይዝለሉት።

የክርስትና ጭብጥ ያለው ፊልም ማለት መንፈሳዊ ፊልም ማለት ነው?

አይደለም። መንፈሳዊ ፊልም የሚባለው በቀጥታ ስለ እምነት የተሠራ ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የቅዱሳን ገድል፣ የአንድ ሰው ወደ እምነት መምጣት። በ1979 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣውና ከ2000 በሚበልጡ ቋንቋዎች የተተረጎመው «ኢየሱስ» የተሰኘው ፊልም የዚህ ወገን ነው። ጭብጥ ግን ከርእሰ ጉዳይ ይለያል። ኃጢአትና ይቅርታ፣ ስለ ሌላው መሞት፣ ጠፍቶ መገኘት፣ ያልተገባ ምሕረት መቀበል የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ጨርሶ በማይታይበት የወንጀል ፊልም ውስጥም ይገኛሉ።

የተገላቢጦሹም እውነት ነው። በማስታወቂያው ላይ መስቀል የተሣለበት ፊልም ውስጡ ሲታይ የሚያመልከው ስኬትን ሊሆን ይችላል።

ፊልም የማየው ለመዝናናት ነው። ጭብጥ ስፈልግ ደስታዬ አይጠፋም?

ፊልሙ እየታየ ሳለ ከፈለጉ ይጠፋል፤ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው ደስታ ደግሞ ከእርስዎ ቀድሞ ይጠፋል። መጀመሪያ ልብዎን ለታሪኩ ይስጡ። ይሳቁ፣ ይፍሩ፣ ያልቅሱ። ጥያቄው የሚመጣው መብራቱ ከበራ በኋላ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ከዓለማዊ ታሪክ ውስጥ እውነት መፈለግን ይፈቅዳል?

ሐዋርያው ጳውሎስ በአቴና፣ በአርዮስፋጎስ መካከል ቆሞ ሲናገር የግሪክ ባለቅኔዎችን ቃል ጠቅሷል (የሐዋርያት ሥራ 17፥28)። «እኛ ደግሞ ዘመዶቹ ነንና» የሚለው ስንኝ በመጀመሪያ የተጻፈው ስለ ዜውስ ነበር። ጳውሎስ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይመስልም። ለቲቶ በጻፈው መልእክትም የአንድ የቀርጤስ ሰው ቃል ይጠቅሳል። ይህ ሁሉ ግሪኮች የጻፉት ሁሉ ልክ ነው ማለቱ አይደለም፤ አድማጮቹ የሚያውቁትን ይዞ ወደማያውቁት ወሰዳቸው እንጂ።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የናታን ነው። ዳዊት ኦርዮን አስገድሎ ሚስቱን ከወሰደ በኋላ ነቢዩ ወደ ቤተ መንግሥት ገብቶ ወቀሳ አልጀመረም። አንዲት በግ ብቻ ስለነበረችው ድሃና በጉን ስለወሰደበት ባለጸጋ ታሪክ ነገረው። ንጉሡ በታሪኩ ተቃጥሎ በባለጸጋው ላይ ሞት ከፈረደ በኋላ ነው «ያ ሰው አንተ ነህ» የተባለው። ታሪክ ሰው ጋሻውን ሳያነሣ ይደርስበታል። በጥሩ ፊልም ፊት ተቀምጦ ሳያስበው ራሱን ያገኘ ሰው ዳዊት ምን እንደተሰማው ያውቃል።

ከየት ልጀምር? ፊልም አይቼ ስጨርስ ምን ልጠይቅ?

ብዙ ሰው የሚጀምረው «ክርስቶስን የሚወክለው የትኛው ገጸ ባሕርይ ነው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ቶሎ መልስ ይሰጣል፤ ቶሎም ያሳስታል። የሚሻለው ሌላ ጥያቄ አለ፦ በታሪኩ ውስጥ የተሠራው በደል ዕዳ አለው፤ ዕዳውን የከፈለው ማን ነው? ጥፋተኛው ራሱ ከከፈለ ፊልሙ ስለ ፍትሕ ነው። ተበዳዩ በእጥፍ ካስከፈለው ስለ በቀል ነው፤ ገበያውን የሞላው የጀግና ፊልም አብዛኛው ከዚህ አያልፍም። ተበዳዩ ወይም በነገሩ እጁ የሌለበት ንጹሕ ሰው ዕዳውን በራሱ ላይ ከወሰደ ግን ወንጌል የሚናገርበት ሰፈር ደርሰናል፤ በፊልሙ ውስጥ የእግዚአብሔር ስም አንድ ጊዜ እንኳ ባይጠራም።

ከዚያ ቀጥሎ የገጸ ባሕርዩን ለውጥ ይመርምሩ። የተለወጠው በራሱ ብርታት ነው ወይስ ከሌላ በተቀበለው ነገር? «በራስህ እመን» የሚለው መልእክት በብዙ የልጆች ፊልም ውስጥ ከመደጋገሙ የተነሣ እንደ መልካም ምክር እንጂ እንደ አንድ የእምነት አቋም አይታይም፤ ነገር ግን ሰው ከምን ይድናል፣ ማንስ ያድነዋል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። ከክርስትና መልስ ጋር ደግሞ አይስማማም።

ገጸ ባሕርዩ እጆቹን እንደ መስቀል ዘርግቶ ካየሁ፣ ዕድሜው 33 ከሆነ፣ ሞቶ ከተነሣ የክርስቶስ ተምሳሌት ነው ልበል?

ምልክቱን መቁጠር ይቻላል፤ አይበቃም እንጂ። በ2013 የወጣውን የሱፐርማን ፊልም «ማን ኦፍ ስቲል»ን እንውሰድ። ጀግናው 33 ዓመቱ ነው። ምን ላድርግ ብሎ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ከካህኑ ጋር ሲነጋገር ከትከሻው ጀርባ ክርስቶስ በጌቴሴማኒ ሲጸልይ የሚያሳይ ባለቀለም መስኮት ይታያል። ከጠፈር መርከብ ሲወጣ እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ ነው። የፊልሙ ድርጅትም ለሰባኪያን የሚሆን የስብከት ማስታወሻ አዘጋጅቶ አሰራጭቶ ነበር፤ ምእመናን ትኬት እንደሚገዙ ነጋዴው በሚገባ ያውቃል። ይህ ሁሉ ተደርድሮ ታሪኩ የሚፈታው ታዲያ በምንድን ነው? ከተማ በሚያፈርስ ድብድብና የጠላትን አንገት በመስበር። ምልክቱ ጎልጎታን ይጠራል፣ ታሪኩ በጡንቻ ያልቃል። ጎን ለጎን አንድ ነገር፦ ሱፐርማንን የፈጠሩት ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሁለቱም አይሁድ ነበሩ፤ ወላጆቹ ከጥፋት ሊያድኑት የላኩት ሕፃን በባዕዳን እጅ ማደጉ ለክርስቶስ ከመቅረቡ በፊት ለሙሴ ይቀርባል።

በ1982 የወጣው «ኢ.ቲ.» ሌላው ዘወትር የሚጠቀስ ነው። ከሰማይ መጣ፣ በሚያበራ ጣቱ ቁስል ፈወሰ፣ ሞቶ ተነሣ፣ በመጨረሻ ወደ ላይ ሄደ። የማስታወቂያ ሥዕሉ እንኳ ማይክል አንጄሎ የአዳምን መፈጠር ከሣለበት ሥዕል የተወሰደ የጣት ንክኪ ነበር። ዳይሬክተሩ ስቲቨን ስፒልበርግ ግን አይሁዳዊ ነው፤ የታሪኩን ሥር የወላጆቹ ፍቺ ላይ እንደሚያገኘው ተናግሯል። ፊልሙን በዚህ ዓይን ደግሞ ያየ ሰው አባቱ ጥሎት የሄደን ልጅ ብቸኝነት ያገኛል፤ ይህም ከማረጉ ምስል ይልቅ ለእምነት የሚቀርብ ነገር ይመስለኛል።

አዘጋጁ አማኝ ካልሆነ ከፊልሙ ውስጥ እምነት መፈለጌ ራስን ማታለል አይሆንም?

ጣሊያናዊው የፊልም ዳይሬክተር ፒየር ፓኦሎ ፓሶሊኒ ማርክሲስት ነበር፤ በእግዚአብሔር እንደማያምንም በግልጽ ይናገር ነበር። በ1964 የማቴዎስን ወንጌል ፊልም አደረገው። ንግግሩን ከወንጌሉ ቃል ወሰደ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች አሠራው፣ አሮጊቷን ማርያም የተጫወተችው የገዛ እናቱ ነበረች። ፊልሙን ለሟቹ ጳጳስ ለዮሐንስ 23ኛ መታሰቢያ አደረገው። ሲኒማ መቶ ዓመት በሞላው በ1995 ቫቲካን 45 የተመረጡ ፊልሞችን ዝርዝር ስታወጣ ይህ ሥራ ከሃይማኖታዊዎቹ ተርታ ነበር።

ስለዚህ የአዘጋጁ እምነት መረጃ ነው፣ ፍርድ አይደለም። የማያምን ሰው ስለሚያስጨንቀው ነገር በሐቀኝነት ሲሠራ፣ አማኙ ከልማድ የተነሣ ያለፈውን ያያል። መጠንቀቅ የሚገባው ሥራውን ወደ ራሳችን ስንጎትት ነው። «ይህ ትዕይንት ምሕረትን ያሳየኛል» ማለትና «አዘጋጁ በስውር አማኝ ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛው ማስረጃ ይፈልጋል።

ደራሲው አማኝ ከሆነስ? ያኔ ሁሉም ነገር ምሳሌ ነው ማለት ይቻላል?

እዚህ ላይ የሁለት ወዳጆች ልዩነት ብዙ ያስተምራል። ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1950 ያሳተመው የናርንያ ታሪክ በ2005 ፊልም ሆኗል። አንበሳው አስላን በከዳተኛው ልጅ በኤድመንድ ፋንታ በድንጋይ ጠረጴዛ ላይ ታርዶ ይነሣል። ይህን አይቶ ክርስቶስን ያላሰበ ክርስቲያን ማግኘት ያስቸግራል። ሉዊስ ግን አስላንን ምሳሌ ብሎ አይጠራውም ነበር። የእርሱ ጥያቄ «እንዲህ ያለ ሌላ ዓለም ቢኖርና የእግዚአብሔር ልጅ በዚያ ቢገለጥ ምን ይመስል ነበር?» የሚል ነው። አስላን የክርስቶስ ምስል ሳይሆን በዚያ ዓለም የተገለጠው እርሱ ራሱ ነው ማለት ነው።

ጄ. አር. አር. ቶልኪን ደግሞ ምሳሌያዊ ድርሰትን አጥብቆ ይጠላ ነበር። በ2001፣ በ2002 እና በ2003 በፊልም የወጣውን «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ»ን ግን በ1953 ለአንድ ካህን ወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ በመሠረቱ ሃይማኖታዊና ካቶሊካዊ ሥራ ብሎታል፤ በመጀመሪያ ሳያስበው፣ ሲያርመው ግን እያወቀ። በዚያ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የለም፣ ሥርዐተ አምልኮም የለም ማለት ይቻላል። በመጽሐፉ የዘመን አቆጣጠር ግን የታሪኩ ማዕከል የሆነው የክፋት ቀለበት የተደመሰሰበት ቀን ማርች 25 ነው፤ በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን የብሥራት በዓል የሚውልበት ቀን። ቶልኪን ይህን ለሚያውቅ ሰው አስቀምጦ ዝም አለ። ፊልሙ ላይ ቀኑ አይነገርም፤ ከቀኑ የሚበልጠው ግን አለ፣ ወደ መጨረሻው ጥያቄ ስንደርስ እናነሣዋለን።

ጸጋ በፊልም ላይ ምን ይመስላል? አንድ ትዕይንት ጥቀሱልኝ።

በ1986 በካን የፊልም ፌስቲቫል ትልቁን ሽልማት ያገኘው «ዘ ሚሽን» ውስጥ አንድ ትዕይንት አለ። ሮድሪጎ ሜንዶዛ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑትን የጓራኒ ሰዎችን እያደነ ለባርነት የሚሸጥ ወታደር ነው። በቅናት ወንድሙን ይገድላል፤ ከዚያ በኋላ መኖር አይፈልግም። ንስሐ እንዲሆነው የጦር ልብሱንና ሰይፎቹን በመረብ ቋጥሮ፣ ገመዱን በትከሻው አስሮ በፏፏቴው አጠገብ ያለውን ገደል ይወጣል። ጭነቱ ወደ ኋላ ይጎትተዋል፣ በጭቃ ይንሸራተታል። አንድ ካህን አዝኖለት ገመዱን ሲቆርጥለት ተመልሶ ወርዶ መልሶ ያስረዋል። አናቱ ላይ ሲደርስ የሚጠብቁት እነዚያው ያደናቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ቢላዋ ይዞ ሮጦ ይመጣና አንገቱ ላይ ያሳርፈዋል። ከዚያ ቢላዋው ይዞርና ገመዱን ይቆርጠዋል፤ ብረቱ እየተንኳኳ ገደሉን ወርዶ ወንዙ ውስጥ ይገባል። ሜንዶዛ ያለቅሳል፣ በዙሪያው ያሉት ይስቃሉ፣ እርሱም እያለቀሰ መሳቅ ይጀምራል።

ካህኑ ሲቆርጠው አልተፈታም፤ እርሱ ራሱ የበደለው ሰው ሲቆርጠው ተፈታ። ስለ ሥርየት ትምህርት የሚሰጥ ሰው ይህን አሳይቶ ለጥቂት ጊዜ ዝም ቢል ይበቃዋል። «ምንዱባን» በሚል ርእስ በአማርኛ የሚታወቀው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ፣ በ2012 በወጣው ፊልምም፣ ተመሳሳይ ነገር አለው። የብር ዕቃ ሰርቆ የተያዘውን ዣን ቫልዣንን ጳጳሱ ከፖሊሶቹ አስጥለው፣ መቅረዞቹንም ረስተህ ሄድክ ብለው ይጨምሩለታል። የሚገርመው ግን የመርማሪው የዣቬር ነገር ነው። እርሱም ምሕረት ይደረግለታል፣ ከሞት ይድናል፤ ሊቀበለው ስላልቻለ ራሱን ወንዝ ውስጥ ይጥላል። ያው ምሕረት አንዱን አዲስ ሰው ሲያደርገው ሌላውን ሰበረው።

የሦስተኛው ፊልም መንገድ የተለየ ነው። በ1987 የወጣው የዴንማርክ ፊልም «የባቤት ግብዣ» በአንድ የባሕር ዳር መንደር በጥብቅ ሃይማኖተኝነት የሚኖሩ ሽማግሌዎችን ያሳያል፤ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ የቆየ ቂማቸውንም ይቆጥራሉ። ከፓሪስ ሸሽታ የመጣችው ሠራተኛ ባቤት በሎተሪ የደረሳትን 10,000 ፍራንክ ሙሉውን አውጥታ ለ12 ሰዎች እራት ትሠራለች። ሽማግሌዎቹ ምግቡ ፈተና እንዳይሆንባቸው ስለ ጣዕሙ አንድ ቃል ላለመናገር ተማምለው ይቀመጣሉ። የሚበሉትን የሚያውቀው አንድ ጄኔራል ብቻ ነው፤ እርሱም ተነሥቶ «ምሕረትና እውነት ተገናኙ» የሚለውን መዝሙር ይጠቅሳል። ሌሎቹ ምን እንደተሰጣቸው ሳያውቁ በልተው ይቅር ይባባላሉ። ባቤት ከኩሽና አልወጣችም።

ክርስቲያናዊ ተብለው የሚሠሩ ፊልሞች ለምን ብዙ ጊዜ አይጥሙም?

መልሱን አስቀድመው ስለሚያውቁት ነው። ተጠራጣሪው ሞኝ ወይም ክፉ ነው፤ አማኙ መልስ አያጣም፤ ጸሎቱ የሚመለሰው የፊልሙ ሰዓት ሳያልቅ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ እንዲህ አይተርክም። መጽሐፈ ኢዮብ ከ40 በላይ ምዕራፎቹን አብዛኛውን የሰጠው ለክርክርና ለእሮሮ ነው፤ ኢዮብን ለማረም የመጡት ትክክለኛ ነገር ተናጋሪዎች በመጨረሻ የተወቀሱት እነርሱ ናቸው። ዓላማው መልካም ስለሆነ ደካማ ሥራን ማመስገን የምእመናን የቆየ ድክመት ነው፤ አናጺ ቢሆን ኖሮ የሚወላገድ ወንበር ሠርቶ «ለእግዚአብሔር ክብር ነው» ቢል ማንም አይቀመጥበትም።

በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረቱ የእምነት ፊልሞችን ምን ያህል ልመናቸው?

ዋናውን ይመኑ፣ ዝርዝሩን ያጣሩ። በ1981 የወጣው «ቻሪዮትስ ኦፍ ፋየር» በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ በእሑድ አልሮጥም ያለውን ስኮትላንዳዊውን ኤሪክ ሊደልን ይተርካል። በፊልሙ ላይ የ100 ሜትር ማጣሪያው እሑድ መሆኑን የሚሰማው ወደ መርከቡ ሲሳፈር ነው። በእውነቱ ከወራት በፊት ያውቅ ነበር፤ ለ400 ሜትር ለመዘጋጀትም ጊዜ አግኝቷል። ሩጫውን የምትቃወመው እህቱም የፊልሙ ፈጠራ ናት፤ የእውነቷ ጄኒ አልተቃወመችውም። በ400 ሜትር በ47.6 ሰከንድ ወርቅ ማግኘቱ ግን እውነት ነው። በሩጫው ቀን በእጁ የገባው ወረቀት «ያከበሩኝን አከብራለሁ» የሚለውን ቃል መያዙም እንዲሁ፤ ሰጪው ብቻ ፊልሙ ላይ ሌላ ሰው ሆኗል።

የእኔ ቅሬታ ለውጦቹ አይደሉም፤ ሲኒማ ጊዜ ማጠፍ አለበት። ቅሬታዬ ካሜራው ቀድሞ መቆሙ ነው። ሊደል ከዚያ በኋላ ወደ ቻይና ሄዶ ሚስዮናዊ ሆነ፤ በ1945 በጃፓኖች የእስረኞች ካምፕ ውስጥ ሞተ። ፊልሙ ይህን በጽሑፍ ጠቅሶት ያልፋል። ወርቁን ያየ ሰው የመጨረሻዎቹን ዓመታት ካላነበበ ታሪኩ «የታዘዘ ያሸንፋል» ይመስለዋል።

ኢየሱስን በተዋናይ ማሳየት ተገቢ ነው?

ይህ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል የቆየ ልዩነት ያለበት ጉዳይ ነው፤ አንድ ፊልም የሚፈታው አይደለም። ከፊልም ጥበብ በኩል ግን በ1959 የወጣውን፣ 11 ኦስካር ያገኘውን «ቤን ሐር»ን ይመልከቱ። በሰንሰለት የሚነዳው የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ይሁዳ ቤን ሐር በናዝሬት በጥም ሊሞት ሲል የሮም መቶ አለቃ ውኃ ይከለክለዋል። አንድ ሰው መጥቶ ያጠጣዋል። ካሜራው ከሰውየው ጀርባ ነው። መቶ አለቃው ጅራፉን ይዞ እየጮኸ ይመጣል፤ ሰውየው ቀና ብሎ ይቆማል፤ የመቶ አለቃው ፊት ይለወጣል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ደግሞ ዞሮ ያያል። እኛ የክርስቶስን ፊት አንድ ጊዜም አናይም፣ ድምፁንም አንሰማም። ከብዙ ተዋናዮች ፊት ይልቅ ያ የወታደር ፊት ይታወሳል።

አስማትና ጥንቆላ ያለበት ፊልምስ?

ሕሊናዎ ከከለከለዎት አይዩት፤ ሌላውንም በማየቱ አይፍረዱበት። ሮሜ ምዕራፍ 14 ስለ ምግብ የሚለው እዚህም ይሠራል። ክርክሩ ዘወትር የሚነሣበት የሃሪ ፖተር ታሪክ በመጨረሻው መጽሐፍ የወላጆቹ መቃብር ላይ «የኋለኛው ጠላት የሚሻረው ሞት ነው» የሚለውን የጳውሎስን ቃል ጽፏል፤ ጀግናውም ስለ ወዳጆቹ ሳይዋጋ ወደ ሞት ይሄዳል። ይህ አስማቱን አይቀድሰውም። «ክፉ ነው» ብሎ ለመፍረድ ግን ታሪኩን ማወቅ ያስፈልጋል።

ደም፣ ስድብና እርቃን በበዛበት ፊልም ውስጥ የእምነት ጭብጥ መፈለግ ምክንያት መስጠት አይሆንም?

አንዳንድ ጊዜ ይሆናል፤ ራሳችንን ስለምናውቅ አንዋሽ። ለመለየት የሚረዳው ፊልሙ ክፋቱን እንድናዝንበት ነው የሚያሳየን ወይስ እንድንጎመጅለት የሚለው ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 19ን እንደ ተጻፈ ፊልም ቢያደርጉት ልጆች አይፈቀድላቸውም። በ2004 የወጣው «ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት» ራሱ በአሜሪካ ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ እንዳይገቡ የተከለከለው በጭካኔው ብዛት ነው፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ግን ምእመናኖቻቸውን በአውቶቡስ ጭነው ወስደዋል። እርቃን ግን የተለየ ነው። የደሙ ቁስል በቀለም የተሠራ ነው፤ የተዋናይዋ ሰውነት ግን የራሷ ነው።

አማኙ ሁልጊዜ ግብዝ ወይም ጨካኝ ሆኖ የሚቀርብባቸው ፊልሞች እምነቴን እየሰደቡ አይደለም?

አንዳንዶቹ ይሰድባሉ፤ ሰነፍ ደራሲ ክፉ ሰው ሲያስፈልገው መጽሐፍ ቅዱስ ያስይዘዋል። በ1994 የወጣው «ዘ ሾሻንክ ሪደምፕሽን» ግን ከዚያ ይራቀቃል። የእስር ቤቱ አዛዥ ጥቅስ እየጠቀሰ የሚሰርቅ፣ የሚያስገድል ሰው ነው። የሌብነቱን መዝገብ የሚቆልፍበት ካዝና የተሸፈነው ፍርዱ ፈጥኖ ይመጣል በሚል በጥልፍ በተሠራ ጽሑፍ ነው። መጽሐፍ ቅዱሱን ለእስረኛው ለአንዲ ሲመልስለት መዳን በውስጡ ነው ይለዋል። አንዲ ካመለጠ በኋላ አዛዡ መጽሐፉን ሲከፍተው ውስጡ በመዶሻ ቅርጽ ተፈልፍሏል፤ ፍልፍሉ የሚጀምረው ከኦሪት ዘፀአት ነው። ፖሊሶቹም ያንኑ ጊዜ በር ላይ ናቸው።

ፊልሙ የሚስቀው በመጽሐፉ ላይ አይደለም፤ የያዘውን በማያምነው ሰው ላይ ነው። በማቴዎስ 23 ላይ ጸሐፍትና ፈሪሳውያን የሰሙትን ያነበበ ሰው ይህን እንደ ስድብ ሊቆጥረው አይገባም።

ቡድሂስቱም፣ ፈላስፋውም፣ እኔም ያንኑ ፊልም የራሳችን ነው እንላለን። ማን ትክክል ነው?

በ1999 የወጣው «ዘ ማትሪክስ» የዚህ ክርክር ቋሚ መድረክ ነው። የተጠበቀው ሰው፣ ከባልደረቦቹ መካከል ከሐዲ፣ ሞትና መነሣት፣ ትሪኒቲ (ሥላሴ) የምትባል ሴት፣ ጽዮን የምትባል ከተማ አሉ፤ ናቡከደነፆር በተባለችው መርከብ ላይ ያለው ሰሌዳም ብዙዎችን ወደ ማርቆስ 3፥11 መርቷል። ማንኪያ የለም የሚለው ልጅ ደግሞ የቡድሂስት መነኩሴ ለብሷል። የሚታየው ዓለም ሐሰት ነው፣ ሰው የሚድነውም በዕውቀት በመንቃት ነው የሚለው ሐሳብ ቤተ ክርስቲያን በመጀመሪያዎቹ ምዕተ ዓመታት ከተከራከረቻቸው ከግኖስቲኮች ጋር ይገጥማል።

ሁሉም ከፊልሙ ውስጥ ያገኘውን ነው የያዘው። ክርስቲያኑ ስሞቹን ይዞ ቢወጣ ያገኘው ጌጥ ነው፤ መዋቅሩን ቢያይ ግን ፊልሙ ሥጋንና ቁስ አካልን እንደ እስር ቤት የሚያይ መሆኑን ያስተውላል። ቃል ሥጋ ሆነ ለሚል እምነት ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። በዚህ አልስማማም ብሎ መውጣትም ጭብጥ ማግኘት ነው።

ከልጆች ወይም ከጓደኞች ጋር አይተን እንዴት እንወያይ?

«ምን ተማራችሁ?» ብለው አይጀምሩ፤ ሁሉም የሚጠበቅበትን ይመልሳል። «የትኛው ትዕይንት አልለቅ አላችሁ?» ይበሉ። ቀጥሎ «ማንን ጠላችሁ? እርሱን ይቅር ማለት ትችሉ ነበር?» ቢሉ ውይይቱ ራሱ ይሄዳል። ከልጆች ጋር ሲሆን ፊልሙን እያቆሙ አያስረዱ።

እግዚአብሔር ዝም የሚልባቸው፣ አማኙ የሚሸነፍባቸው ፊልሞችስ የእምነት ፊልም ይባላሉ?

ማርቲን ስኮርሴዚ በ2016 ያወጣው «ሳይለንስ» የተሠራው ጃፓናዊው ካቶሊክ ሹሳኩ ኤንዶ በ1966 ካሳተመው ልብ ወለድ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓን ክርስቲያኖች ሲሳደዱ ካህኑ ሮድሪጌዝ ተይዞ የክርስቶስን ምስል እንዲረግጥ ይታዘዛል። እምቢ ቢል የሚሰቃየው እርሱ ሳይሆን ምእመናኑ ናቸው። በመጨረሻ ርገጥ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይረግጣል፤ ቀሪ ዘመኑን በአደባባይ እንደ ካደ ሰው ይኖራል። ብዙ አማኞች በዚህ ፊልም ተቆጥተዋል፤ በሰማዕታት ደም የቆመች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ድምፁ የክርስቶስ ነበር ወይስ የደከመ ሰው የራሱ? ፊልሙ አይነግረንም።

እኔን የሚይዘኝ ግን ኪቺጂሮ የሚባለው ጃፓናዊ ክርስቲያን ነው። ምስሉን ይረግጣል፣ ካህኑን ይሸጣል፣ ተመልሶ ንስሐ ልግባ ይላል፤ ደግሞ ይክዳል፣ ደግሞ ይመጣል። ተመልካች በሦስተኛው ላይ ይሰለቸዋል፤ ካህኑም ይሰለቸዋል። ጴጥሮስ ወንድሜን ስንት ጊዜ ይቅር ልበለው ብሎ የጠየቀው እንዲህ ያለ ሰው ፊቱ ቆሞ ይሆናል። ስኮርሴዚ በልብ ወለዱ ላይ የሌለ አንድ ምስል ጨምሯል፦ የሮድሪጌዝ ሬሳ ሲቃጠል በመዳፉ ውስጥ ትንሽ መስቀል ይታያል። ይህን እንደ ማጽናኛ የወሰዱት አሉ፤ እኔ ግን ኤንዶ ክፍት የተወውን በር በትንሹ የገፋው ይመስለኛል።

ጭብጡን ከፊልሙ ውስጥ እንዳገኘሁት እንጂ ከራሴ አምጥቼ እንዳልለጠፍኩበት በምን አውቃለሁ?

ለንባብዎ የማይመቸውን ትዕይንት ይፈልጉ። «ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ላይ ብዙ ሰው ፍሮዶን የክርስቶስ ምሳሌ ያደርገዋል፤ ሸክም ተሸክሞ ተራራ ይወጣልና። ታዲያ እሳቱ አፋፍ ላይ ሲደርስ ቀለበቱን አልጥልም፣ የእኔ ነው ማለቱን ምን እናድርገው? ተምሳሌቱን ለማዳን ይህን ትዕይንት መዝለል ካስፈለገ ተምሳሌቱ ከእኛ የመጣ ነው። ትዕይንቱን ከያዝነው ግን ሌላ ነገር ይገለጣል። በመጀመሪያው ፊልም፣ በሞሪያ ዋሻ ውስጥ፣ ፍሮዶ ቀለበቱን የሚመኘው ምስኪን ፍጡር ጎለም በጊዜው ባለመገደሉ ሲቆጭ ጠቢቡ ጋንዳልፍ፣ ቀለበቱን ከእርሱ በፊት የያዘውን የዘመዱን የቢልቦን እጅ ከመግደል የያዘው ርኅራኄ መሆኑን ይነግረዋል። ቀለበቱ የተደመሰሰው የፍሮዶ ፈቃድ ጸንቶ አይደለም፤ በርኅራኄ የተረፈው ያ ምስኪን እዚያ ስለተገኘ ነው።

እዚህ ላይ መጽሐፉና ፊልሙ ይለያያሉ። በመጽሐፉ ጎለም ቀለበቱን ከፍሮዶ ጣት ነክሶ ከወሰደ በኋላ በደስታ ሲዘል እግሩ ከአፋፉ አልፎ ብቻውን ይወድቃል፤ ማንም አልገፋውም። በ2003ቱ ፊልም ላይ ግን ፍሮዶ ተነሥቶ ይታገለዋል፣ ተያይዘው ይወድቃሉ፣ ፍሮዶ ጠርዙን ይዞ ይተርፋል። ፊልም ሠሪዎቹ ጀግናው እጁን አጣጥፎ እንዳይታይ ፈልገው ይሆናል። የእግዚአብሔርን መግቦት ለማየት የሚፈልግ ሰው በመጽሐፉ ላይ ያገኘዋል፤ በፊልሙ ላይ ያው ትዕይንት ወደ ሰው ትግል አዘንብሏል፣ ሁለቱንም በአንድ ቃል መተርጎም አይቻልም።